ዘይነባ ሞጣ ላይ የጠየቀችኝ

ባለፈው ግንቦት የተመራቂ ተማሪዎቼን የመመረቂያ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ከምሬ ሳነብ የአንዲት የሞጣ ልጅ ጽሑፍ እጄ ገባ። መጀመሪያ የማነበው የምስጋናውን ገጽ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ይስቁብኛል፤ እኔ ግን ሰው ማንን እንደሚያመሰግን ሳውቅ የቀረውን በምን ልብ እንደጻፈው የሚገባኝ ይመስለኛል። ልጅቱ ፈጣሪዋን አመስግና፣ ወላጆቿን አመስግና፣ እኔንም እንደ ደንቡ በአንድ መስመር አመስግና ስታበቃ እንዲህ ብላለች፦ «ገና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ማይክሮስኮፕ ፊት አስቀምጠው፣ ያየሁትን ብቻ እንድናገር ላስተማሩኝ ለእትዬ ዘይነባ።»

ወረቀቱን አስቀምጬ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ዕድሜዬ አርባ አምስትን አልፏል። ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ብዙ ተማሪዎችም በእጄ አልፈው ወጥተዋል። እንደዚያም ሆኖ ደረቴ ውስጥ የተነሳውን ነገር ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። ቅናት ነበር፤ ያው የድሮው ቅናቴ፣ አንድ ፀጉር እንኳ ሳይሸብት።

ዘይነባን ያወቅኋት የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለን ነው። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፣ እሷ የሞጣ። አገራችን ሳለን ሁለቱ ከተሞች ለየብቻ ነበሩ፤ ርቀን ስንሄድ ግን አንድ ሰፈር ሆኑብን። አንድ ዶርም ደረሰን፤ ባዮሜዲካል ሳይንስ ትምህርት ክፍልም አብረን ገባን። ለእረፍት ስንመለስ ደጀን ላይ ወርደን ሌላ መኪና እንይዛለን፤ ቢቸና ስንደርስ እኔ እወርዳለሁ፣ እሷ በደብረ ወርቅ አድርጋ ወደ ሞጣ ትቀጥላለች። መንገዱ ያን ጊዜ ጠጠር ነበር። በጥር እረፍት መኪናው በቆመበት ሁሉ የሽንብራ እሸት በመስኮት እየተቀበልን ጭናችን ላይ እንፈለፍላለን፤ እሷ የፈለፈለችውን ለእኔ ታቀብላለች፤ እኔ የራሴንም የእሷንም እበላለሁ። ከመውረዴ በፊት ፊቴ ላይ የተኛውን አቧራ በሻሿ ጫፍ ትጠርግልኝና «አሁን እናትሽ ይለዩሻል» ትለኝ ነበር።

በትምህርት ግን ለየቅል ነበርን። እኔ ማስታወሻዬን መስመር በመስመር የምሸመድድ ልጅ ነበርኩ። ያልገባኝ ነገር ሲኖር ሰው እንዳያውቅብኝ ደብቄ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ለብቻዬ ስታገል እውላለሁ። ዘይነባ ግን ካልገባት ወዲያው እጇን ታወጣለች። መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ «ይቅርታ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልገባኝም» ስትል ሰምቼ በእሷ ፈንታ ያፈርኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። መምህሩ እንደገና ያስረዳል፤ እሷ ይገባታል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እኔ ደግሞ ያንኑ ነገር ሦስት ቀን እፈትገዋለሁ።

የመጀመሪያውን ዓመት ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ዓመት ዘይነባ በለጠችኝ፤ በሦስተኛውም እንደዚያው። ውጤት በተለጠፈ ቁጥር ሰሌዳው ፊት ቆሜ መጀመሪያ የማነበው የእሷን ስም ነበር። ከእሷ ቀጥሎ የራሴን ሳገኝ ፈገግ ብዬ እንኳን ደስ አለሽ እላታለሁ፤ እሷም አቅፋ ትስመኛለች። በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደምጠላት ብታውቅ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። መጥላት እንኳ ልክ ቃሉ አይደለም። ብትታመም ሌሊት ሙሉ ተቀምጬ የማስታምማት እኔ ነበርኩ፤ ብትወድቅ ግን ደስ የሚለኝም እኔው ነበርኩ።

በትምህርት ክፍላችን ከዓመቱ ተመራቂዎች በማዕረግ አንደኛ የሚወጣ ሰው ረዳት መምህር ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው እጣ በጣለው ቦታ ይመደባል። አራተኛው ዓመት ሲጋመስ የእኔና የእሷ ነጥብ ተቀራርቦ ነበር። የሚለየን የመመረቂያ ጽሑፉ እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እሷ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አንስታ አታውቅም። እኔ ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም።

አማካሪያችን ጥቂት የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያዳምጡ አንድ አረጋዊ ዶክተር ነበሩ። ሁለታችንም በተማሪዎች የአንጀት ትላትል ላይ እንድንሠራ፣ እኔ በቢቸና እሷ በሞጣ እንድናጠና፣ የአሠራራችን ስልት አንድ ሆኖ እርስ በርስ እንድንረዳዳ መከሩን። በመጋቢት መጀመሪያ የሥራ ዕቃ ሳጥናችንን ጭነን መጀመሪያ ወደ እኛ ቤት ወረድን።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው በዚያ ዓመት መድከም ጀምሮ ስለነበር ከቤት ብዙ አይርቁም። ወሩ ዐቢይ ጾም መሆኑ ደግ ሆነ፤ የሥጋ ነገር ሳይነሳ ሁላችንም አንድ መሶብ ቀረብን። እናቴ የሠራችው ስልጆ ዘይነባን አፍንጫዋ ድረስ ሲያቃጥላት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ይጨመርልኝ» ስትል እናቴ በሳቅ ፈነዳች። በሁለተኛው ቀን የቤቱ ልጅ እሷ ትሁን እኔ እስኪያጠራጥር ድረስ ተላምደው ነበር።

ሥራውን ተከፋፍለነው ነበር። ዘይነባ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከተማሪዎቹ የዓይነ ምድር ናሙና ትቀበላለች፤ እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር በሚጎራበተው ጤና ጣቢያ ናሙናውን ስላይድ በሚባለው ስስ መስታወት ላይ አዘጋጅቼ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። እዚያ ጋሽ ሙላት የሚባሉ ነባር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ጧት አንድ ያዘጋጀሁትን ስላይድ አስቀምጬ ልወጣ ስል ጠሩኝ። የመንጠቆ ትል እንቁላል አይጠብቅም አሉኝ። ስላይዱ በግሊሰሪን ከታፈነ ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ መታየት አለበት፤ ሲቆይ ቅርፊቱ እየሟሟ ይጠፋል፤ የሌሎቹ ትሎች ይቀራል፣ የእሱ ግን አይገኝም። «የለም ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ግን አለ» አሉኝ። ክፍል ውስጥ በችኮላ ያለፍነው ነገር ነበር። አመስግኜ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ማታ ለዘይነባ እነግራታለሁ ብዬ ማሰቤን በደንብ አስታውሳለሁ።

የዚያን ቀን ከቅዳሴ በኋላ እራት ላይ ተቀምጠን ሳለ አባቴ በዚያ መሣሪያ የምናየውን እንድንነግራቸው ጠየቁን። እኔ ቀደምኩ። የትሎቹን የላቲን ስም ደረደርኩ፣ ስለ ሌንሱ አጉሊነት ተናገርኩ። አባቴ በአክብሮት አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እንዳልገባቸው ግን ፊታቸው ላይ ይታያል። ያን ጊዜ ዘይነባ ከሰሐኑ ዳር አንዲት የተልባ ፍሬ አንስታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። የመንጠቆ ትል እንቁላል እንደዚች ተልባ ሞላላ መሆኑን፣ ግን እጅግ በጣም ማነሱን፣ ውስጡ እንደተቆረሰ ድፎ ዳቦ በአራት መከፈሉን፣ ቅርፊቱ ከሽንኩርት ልጣጭ ይበልጥ መሳሳቱን ነገረቻቸው። አባቴ ተልባዋን በጣታቸው እየዳሰሱ ከየት እንደሚመጣ ጠየቋት፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ተፈልፍሎ በባዶ እግር በኩል እንደሚገባ አስረዳቻቸው። ጥያቄ አከታተሉ፤ መለሰች፤ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቼ ነበር። በመጨረሻ ወደ እናቴ ዞር አሉና፣

«ይቺ ልጅ ማስተማር ተሰጥቷታል» አሉ።

አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከየአገሩ መጥቶ ደጃቸው ላይ የሚቀኝ ተማሪ ይህቺን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ዓመታት ይጠብቃል። እኔ ልጃቸው ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። ዘይነባ አፍራ አንገቷን ደፋች፤ እኔ ውኃ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ። ጋሽ ሙላት የነገሩኝን ያን ቀን አልነገርኳትም። በማግስቱም አልነገርኳትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሞጣ ሄድን። አባቷ ጋሽ ሰዒድ ገበያው መንገድ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከልጃቸው ጋር እንደ እኩያ የሚጫወቱ ሰው ናቸው። እናቷ እትዬ ፋጡማ ጾመኛ መሆኔን ስለሚያውቁ እኔ በዚያ ቤት በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ሥጋም ወተትም ወደ ማጀት አላስገቡም። ለእኔ ሲሉ ቤተሰቡ ሁሉ ምስርና ጎመን በላ። ይህን ያወቅሁት ታናሽ እህቷ ጾሙ መቼ እንደሚፈታ ስትጠይቀኝ ነው።

ሞጣ ላይ ሥራው አልተመቸም። ትምህርት ቤቱ ከጤና ጣቢያው ይርቃል፤ ማይክሮስኮፑ ደግሞ ጧት ጧት በሽተኛ ስለሚታይበት ለእኛ የሚለቀቀው ከምሳ በኋላ ነው። ዘይነባ ናሙናው እንዳይበላሽ ብላ ስላይዱን ጧት እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ታዘጋጃለች፤ ሳጥኑ ውስጥ እየደረደረች ታስቀምጠዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ወስዳ ታያለች። አራት ሰዓት፣ አንዳንዴ አምስት ሰዓት ይቆያል። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ናሙናውን እንዳለ አቆይቶ ስላይዱን ጤና ጣቢያ ደርሶ ማዘጋጀት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሳጥኑን በየጫፉ ይዘን በባሕር ዛፉ ሥር ወደ ጤና ጣቢያው ስንሄድ ቆም አለች። ንፋሱ አቧራ ያመጣል፤ ሻሿን አፏ ላይ ይዛዋለች።

«የሺ፣ ይህን ያህል ሲቆይ ችግር አይኖረውም? አንቺ ቢቸና ላይ ወዲያው ነበር የምታዪው።»

ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ረሳሁት ብዬ ራሴን ላታልል እችል ነበር። አሁን ግን ጠየቀችኝ። በአባቴ መዳፍ ላይ ያለችው ተልባ ታየችኝ፤ ሰሌዳው ላይ ከእኔ ስም በላይ የተጻፈው ስሟ ታየኝ።

«አይመስለኝም» አልኳት።

«እሺ» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ወዲያው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች። ፊቴን እንኳ ዘወር ብላ አላየችም።

እንደሚጠበቀው እኔ ቢቸና ላይ የመንጠቆ ትል በብዛት አገኘሁ፤ እሷ ሞጣ ላይ አንድም አላገኘችም። ወስፋትና ሌላ ትል የተገኘባቸው ልጆች ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ተሰጣቸው። የቀሩትን ዘይነባ ራሷ አንድ በአንድ እያነጋገረች፣ ነጻ ናችሁ፣ ምንም የለባችሁም እያለች ወደ ክፍላቸው መለሰቻቸው። አጠገቧ ቆሜ ስም የምጠራላት እኔ ነበርኩ።

ጽሑፋችንን ያቀረብነው በግንቦት መጨረሻ ነው። የእኔ ያለ ችግር አለፈ። ዘይነባ ስትቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ አየሩና አፈሩ ይህን ያህል የማይራራቅ አገር አንዱ ጋ የሞላው ሌላው ጋ ጨርሶ እንዴት ይጠፋል ብለው ጠየቋት። ከዚያ ስላይዱ ስንት ሰዓት እንደቆየ ጠየቁ። ነገረቻቸው። እንደገባት ከፊቷ አየሁ፤ ነገር ቶሎ ይገባት ነበርና። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ለአፍታ ተመለከተችና ወደ ፈታኙ ዞረች። ስላይዱ መቆየት እንዳልነበረበት አሁን እንደተረዳች፣ ትሉ የለም ብላ መጻፏ ስሕተት እንደሆነ፣ ስሕተቱም የራሷ እንደሆነ ተናገረች። ጠይቄ ነበር አላለችም። ተነስቼ መናገር እችል ነበር። እጄ የወንበሩን ጠርዝ ይዞ ቀረ።

ከምሳ በኋላ ዶርም ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች። ቀና ብላ፣

«ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ትጮህብኛለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ስለ ነጥቡ አላነሳችም፤ ስለ ረዳት መምህርነቱም አላነሳችም።

«ነጻ ናችሁ ብዬ የላክኋቸው ልጆችስ?» አለችኝ።

በማግስቱ ጧት ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሳይዘጋ ለመድረስ ወደ ሞጣ ሄደች።

እኔ ሳምንት ከቆየሁ በኋላ ወደ ቢቸና ወረድኩ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ጤፍ ለመዝራት የሚያርሱ በሬዎች በየማሳው ይታያሉ። አባቴ ገና ከመቀመጤ ስለ ዘይነባ ጠየቁኝ። ለማንም ያልነገርኩትን ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ለምን እንዳደረግሁትም፣ ስለዚያች እራት፣ ስለ ተናገሩት ቃል ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ሲያሻሹ ቆዩ።

«እንግዳ ባለበት የገዛ ልጁን የሚያመሰግን አባት የት አይተሻል?» አሉኝ በመጨረሻ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «አሁን ተነሽና ከጎኗ ሂደሽ ተቀመጪ።»

ሞጣ ስደርስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ባዶ ክፍል አገኘኋት። ጤና ጣቢያውን ለምና ማይክሮስኮፑን ከሰዓት በኋላ ታስመጣለች፤ መስኮቱ ሥር ዴስክ አስጠግታ በዝናብ ቀን ብርሃን ትሠራለች። በር ላይ ስቆም አየችኝ። ከጎኗ ያለውን ወንበር ሳበችልኝ። ሦስት ቀን አብረን ሠራን፤ እኔ አዘጋጃለሁ፣ እሷ ወዲያው ታያለች፣ ዓይኗ ሲደክም እንቀያየራለን። የጠፋው እንቁላል በስላይዱ ሁሉ ነበር፤ ሞላላ፣ ስስ ቅርፊት ያለው፣ ውስጡ የተቆረሰ። ነጻ ከተባሉት ልጆች ብዙዎቹ ታመው ነበር። መድኃኒቱን ተራ በተራ ሲውጡ ዘይነባ እያንዳንዳቸውን ባለፈው የነገረቻቸው ልክ እንዳልነበረ እየነገረች ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ልጆቹ ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃቸው ግራ ገብቷቸው ይስቃሉ። እኔ ስም መዝጋቢ ሆኜ አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ። በዚያ ሁሉ መሃል እንኳ ቀናሁባት ብል ማን ያምነኛል? እንዲያ ቀጥ ብሎ ተሳስቼ ነበር ማለት መቻሏ አስቀናኝ።

ልሄድ ስል መኪና ድረስ ሸኘችኝ። እነግራቸዋለሁ አልኳት፤ ለዶክተሩ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ይወቁ፣ ውጤትሽንም ያስተካክሉልሽ። «ንገሪያቸው» አለችኝ።

በእርግጥም የዶክተሩ ቢሮ በር ላይ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስሄድ አልነበሩም። ሁለተኛ ቀን ሰው ይዘው ነበር። ሦስተኛ ቀን በሩ ክፍት ነበር፤ ከወረቀታቸው ቀና ሲሉ ስለ ምረቃው ቀን የማይረባ ነገር ጠይቄያቸው ተመለስኩ። በሐምሌ በማዕረግ ተመረቅሁ፤ ረዳት መምህርነቱም የእኔ ሆነ። አባቴ ነጭ ጥምጥማቸውን አሥረው ሕዝቡ መሃል ቆመው ነበር፤ ዓይናቸው እንደማያየኝ ባውቅም እጄን አነሳሁላቸው። ለዶክተሩ ነግሬያቸው እንደሆነ አባቴ አልጠየቁኝም፤ ልጃቸው ከዚያ በታች ትወርዳለች ብለው አላሰቡም መሰለኝ። ዘይነባ ያለ ማዕረግ ተመርቃ፣ እጣዋን ከሌላ ልጅ ጋር ተለዋውጣ ሞጣ ጤና ጣቢያ ገባች።

ከዚያ ወዲህ አልተጣላንም። በየበዓላችን እንደዋወላለን፤ አባቴ ያረፉ ጊዜ ከእናቷ ጋር መጥታ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጣለች። ነገር ግን ስለዚያ ዓመት አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። አላስታወሰችውም ወይም ይቅር ብላኛለች እል ነበር፤ እንደ ቀኑ ሁኔታ የሚመቸኝን እመርጣለሁ።

እንግዲህ የዚያችን ተማሪ ጽሑፍ ባነበብኩ በማግስቱ ደወልኩላት። ስለ ልጅቱ ነገርኳት፤ ስሟ መጻፉንም ነገርኳት። ደስ አላት፤ ልጅቱ ብዙ ትጠይቅ እንደነበር እየሳቀች አጫወተችኝ። ከኋላዋ የበሽተኛ ስም ሲጠራ ይሰማኛል። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም፣

«ዘይነባ፣ ያን ጊዜ ለዶክተሩ አልነገርኳቸውም» አልኳት።

የትኛውን እንደምል ጠየቀችኝ። አስታወስኳት።

«እኔ እኮ ነግረሻቸዋል ብዬ ነው የኖርኩት» አለችኝ። «ነግረሻቸው እሳቸው እንቢ ያሉ ነበር የመሰለኝ።»

ቁጣም ለቅሶም አልነበረበትም። የሆነ ነገር ከእጇ ወድቆባት ወለሉን የምታይ ሰው ድምፅ ነበር። ሰው እየጠበቃት እንደሆነ ነግራኝ፣ ቤተሰብሽን ሰላም በይልኝ ብላ ዘጋችው።

ዶክተሩ ካረፉ ቆይተዋል፤ አሁን ነግሬ የማስተካክለው ነገር የለም። ስልኩን እንደያዝኩ ብዙ ተቀመጥኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት እኔ ማዕረጉንም፣ ወንበሩንም፣ ተማሪዎቹንም ይዤ ሰውን ስጠራጠር ኖሬአለሁ፤ ጥያቄ የጠየቀኝን ሁሉ ምን ሊያገኝብኝ ነው እያልኩ። እሷ ደግሞ በበደላት ሰው ላይ እምነቷን ጥላ፣ ጓደኛዬ ቃሏን ጠብቃለች እያለች፣ በሰላም እየተኛች ኖራለች። እስከዚያች ስልክ ድረስ ያ እምነት ነበራት። እኔ ኖሮኝ አያውቅም፤ አሁን ደግሞ የእሷንም ወሰድኩባት።